በፔታህ ቲክቫ መቀየር ያዋጣል

ከኢትዮጵያ መጥቶ የእስራኤል ከተማ በሆነችው ፔታህ ቲክቫ አዲስ የገባ ሰው ወደ ኡልፓን (የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት)፣ ወደ ኩፓት ሆሊም (የጤና ድርጅት ክሊኒክ) ወይም ወደ ሥራ የሚወስደውን መንገድ ሲጠይቅ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልገው ሳይወርድ የሚያደርሰውን አውቶቡስ ነው። ፍላጎቱ ከልምድ የመጣ ነው፤ ባገሩ ሳለ በየመውረጃው ኪሱ ሲጎድልበት የኖረ ሰው መውረድና መሳፈር ቢያበዛ ደስ አይለውም። በዚህች ከተማ ግን ይህ ልማድ ጊዜ ያስከፍለዋል። የፔታህ ቲክቫ ሰፈሮች በቀጥታ መስመር እንዲገናኙ ሆነው አልተሠሩም፤ የጉዞ ክፍያው ደግሞ ለሚቀያይር ሰው እንዲያደላ ሆኖ ተደንግጓል። ስለዚህ አዲስ ገቢ ከመስመር ቁጥሮች ሁሉ በፊት ሊለምደው የሚገባው ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ መሳፈርን ነው። ይህ ችሎታ ከባድ የሚሆነው በሥርዓቱ ዋጋ ወይም በመንገዱ ርዝመት አይደለም፤ ደንቡን በሚሰማው ቋንቋ የሚነግረው ሰው በመጥፋቱ ነው።

ከተማዋ ለምን እንዲህ ሆነች ለሚል፣ መልሱ ታሪኳ ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1878 ከኢየሩሳሌም የወጡ አይሁዶች በያርኮን ወንዝ አካባቢ የመሠረቷት የእርሻ መንደር ነበረች። ረግረጉና ወባው ነዋሪዎቹን ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባረራቸው፤ በ1883 ተመልሰው አቀኗት። በ1908 ዓይን ጋኒም የሚባለው የሠራተኞች መንደር አጠገቧ ተቆረቆረ፤ ዛሬ ከሰፈሮቿ አንዱ ነው። በ1936 ቤይሊንሰን ሆስፒታል ተከፈተ፤ በ1937 ፔታህ ቲክቫ የከተማ ማዕረግ አገኘች። ከ1948 በኋላ ከየአገሩ ለጎረፉት ስደተኞች የተሠሩ የመኖሪያ ሕንጻዎች በዙሪያዋ ተጨመሩ፤ ኪርያት አርዬና ስጉላ የፋብሪካና የቢሮ ቀጠናዎች ሆኑ፤ በሰሜን ምዕራብ በኩል ደግሞ ኤም ሀሞሻቮት የሚባለው አዲስ ሰፈር ተነሣ። ዛሬ ከ250 ሺህ በላይ ሰው የሚኖርባት ከተማ እንዲህ ቁራጭ በቁራጭ ተሰፍታ ያደገች ናት። ቁርጥራጮቹን የሚያያይዘው ዋናው ክር ከመሐል ተነሥቶ በብኔ ብራክና በራማት ጋን በኩል ወደ ቴል አቪቭ የሚዘልቀው የጃቦቲንስኪ መንገድ ነው። ከአንዱ ዳር ሰፈር ወደ ሌላው ዳር ሰፈር የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደዚህ መንገድ መቅረቡ አይቀርም።

ቀዩ የቀላል ባቡር መስመር የተዘረጋውም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ነሐሴ 2023 አገልግሎት የጀመረው ይህ መስመር ከፔታህ ቲክቫ ታሐና መርካዚት (ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ) ተነሥቶ በቴል አቪቭ መሐል አልፎ ባት ያም ይደርሳል፤ 24 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 34 ጣቢያዎች አሉት፤ ከእነዚህ 10ሩ ከመሬት በታች ናቸው። ፔታህ ቲክቫ ውስጥ ባቡሩ መሬት ላይ፣ ከመኪናው ጎን ለጎን፣ የትራፊክ መብራት እየጠበቀ ይሄዳል፤ ፒንስከር፣ ክሮል፣ ዳንክነር፣ ቤይሊንሰን እያለ ወደ ምዕራብ ይወርድና ወደ ብኔ ብራክ ሲደርስ ዋሻ ይገባል። አንድ ቅርንጫፉ የባቡሮቹ ማደሪያና ጥገና ወደሚገኝበት ኪርያት አርዬ ይሄዳል። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2015 የከፈተቻቸውን ሁለት የቀላል ባቡር መስመሮች የሚያውቅ ሰው የቀዩን መስመር ጠባይ ቶሎ ይረዳዋል፤ እዚያም እዚህም ባቡሮቹ ዋናውን ጎዳና ይዘው ይሄዳሉ እንጂ ወደ መንደር አይገቡም። ቀዩ መስመር ዮሰፍታልንም ዓሚሻቭንም አይነካም። የእነዚህ ሰፈሮች ነዋሪ ባቡሩን ሊጠቀምበት የሚችለው አውቶቡስ ወስዶ ካደረሰው ነው። እንግዲህ ባቡሩ የከተማዋ ትልቁ አዲስ ነገር ቢሆንም፣ ጥቅሙ የሚለካው ከአውቶቡሱ ጋር በሚያገናኘው ደንብ ነው።

ያ ደንብ በ2022 በተደረገው የታሪፍ ለውጥ መልክ ያዘ። ክፍያው የሚሰላው ተሳፋሪው በስንት ተሽከርካሪ ሄደ ተብሎ ሳይሆን በምን ያህል ርቀት ሄደ ተብሎ ነው። እስከ 15 ኪሎ ሜትር ያለው ጉዞ አንድ ዋጋ አለው፤ ሲጀመር 5 ሸቅል ተኩል ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ጨምሯል። ተሳፋሪው ካርዱን ከነካበት ጊዜ ጀምሮ ለ90 ደቂቃ ከአውቶቡስ ወደ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ ወደ ቀላል ባቡር ቢቀይር ተጨማሪ አይከፍልም። አዲስ አበባ ላይ ከመገናኛ ፒያሳ፣ ከፒያሳ መርካቶ በታክሲ የሚሄድ ሰው ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስለሚከፍል፣ ቀጥታ መስመር መፈለጉ ብልህነት ነው። ያው ሰው ዮሰፍታል ቆሞ ሆስፒታል በር ድረስ የሚያደርሰውን አንድ ቁጥር ብቻ ሲጠብቅ ግን ፊቱ የሚያልፉትን፣ ጃቦቲንስኪ አድርሰው ባቡሩ ላይ ሊያሳፍሩት የሚችሉትን አውቶቡሶች ሁሉ በከንቱ ያሳልፋል። በመጠበቁ ያተረፈው ገንዘብ የለም፤ የከፈለው ጊዜ ነው።

የዚህ ሁሉ ቁልፍ ራቭ ካቭ የሚባለው ካርድ ነው። ሁለት ዓይነት አለ፦ ስም የሌለው፣ ማንም ገዝቶ ገንዘብ የሚሞላበት፣ እና በመታወቂያ የሚወጣ፣ ፎቶግራፍ ያለበት የግል ካርድ። ቅናሽ የሚገባው ሰው፣ ማለትም ወጣት፣ ተማሪ፣ ጡረተኛ ወይም አካል ጉዳተኛ፣ መብቱን የሚያገኘው በግል ካርዱ ላይ ሲመዘገብለት ነው፤ በጎረቤት ራማት ጋን ባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅም፣ እቤት ያሉት አያቱም ስም በሌለው ካርድ ሲሄዱ ሙሉ ዋጋ ይከፍላሉ። የ2022ቱ ለውጥ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ጉዞውን ነጻ አድርጎታል፤ ነጻ መሆኑን ማሽኑ የሚያውቀው ግን በካርዱ ነው። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር በአብዛኛው ጥሬ ገንዘብ ስለማይቀበል፣ ብር ይዞ ካርድ ያልያዘ ሰው ባዶ እጁን እንደመጣ ነው። ሁለተኛው ነገር መንካት ነው። የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ የከፈለ ሰው ሁለተኛው ላይ ሲወጣ «ከፍያለሁ» ብሎ ሳይነካ ሊቀመጥ ይችላል። ማሽኑ ገንዘብ ባይቆርጥም መንካት ግዴታ ነው፤ ያልነካ ተሳፋሪ ተቆጣጣሪ ቢያገኘው ሳይከፍል እንደተሳፈረ ተቆጥሮ ይቀጣል። ቀላል ባቡሩ ደግሞ የራሱ ልማድ አለው፦ ከመሬት በታች ባሉት ጣቢያዎች ካርዱ የሚነካው መግቢያው በር ላይ ነው፤ ፔታህ ቲክቫ ውስጥ እንዳሉት መሬት ላይ ባሉ ጣቢያዎች ግን ከመሳፈር በፊት፣ መጠበቂያው ላይ በቆመው ማሽን ነው።

ደንቡ ይህን ያህል ለጋስ ከሆነ አዲሱን ሰው የሚያስቸግረው ምንድን ነው? አዲስ አበባ፣ ጎንደርም ሆነ ባሕር ዳር፣ የመጓጓዣው መረጃ በድምፅ ነው የሚመጣው። ረዳቱ መድረሻውን እየጠራ ያሳፍራል፤ ተሳፋሪው ካልገባው ይጠይቃል፤ መውረጃው ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ይላል፤ ቢያልፈው አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ያስታውሰዋል። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ከአንደበታቸው ሌላ አያስፈልጋቸውም። ፔታህ ቲክቫ ውስጥ ይህ ሁሉ ወደ ጽሑፍ ተለውጧል። የመስመሩ ስም ግንባሩ ላይ በዕብራይስጥ ተጽፏል፤ የሚቀጥለው ፌርማታ በሰሌዳ ይታያል፣ ቢነገርም በዕብራይስጥ ነው፤ ለመውረድ የሚጫኑት ደወል እንጂ የሚጠሩት ሰው የለም፤ ከደንቡ ሁሉ ትልቁ፣ የ90 ደቂቃው፣ በየትኛውም ፌርማታ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። በጽሑፍ ከሚቀርበው ከዚህ ሁሉ መረጃ ውስጥ ለአዲስ ገቢ የሚያግዘው አንድ ነገር ቁጥር ነው። የመስመር ቁጥሩና የአውቶቡሱ መድረሻ ደቂቃ የሚጻፉበት አኃዝ ኢትዮጵያ ውስጥ ሱቅና ስልክ ላይ የምናየው ነው፤ እያንዳንዱ ፌርማታም የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ስለዚህ ለእናቶችና ለአባቶች መንገድ የሚጽፍላቸው ልጅ ስሞችን ትቶ ቁጥሮችን በቅደም ተከተል ቢያሰፍርላቸው የተሻለ ያደርጋል፦ የመጀመሪያው አውቶቡስ ቁጥር፣ የሚወርዱበት ስንተኛው ፌርማታ እንደሆነ፣ ቀጥሎ የሚሳፈሩበት።

እዚህ ላይ ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ጭንቀት ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ዘመናዊ ስልክ የያዘ ወጣት ሙቪት የመሰለ መተግበሪያ ከፍቶ መንገዱን ከነመቀየሪያው ያገኛል፤ ጽሑፉ በእንግሊዝኛም ስለሚገኝ አገሩ ተምሮ የመጣ ሰው አይቸገርም። ይሁን እንጂ መተግበሪያው የሚያገለግለው መጻፍና ካርታ ማንበብ የሚችለውን ነው። ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ ጹር እስራኤል በተባለው ዘመቻ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የመጡት ቤተሰቦች ብዙ ዓመት ተለያይተው የቆዩ ናቸው፤ መካከላቸው በየትኛውም ቋንቋ ማንበብ ያልተማሩ ሽማግሌዎች አሉ። ሆስፒታልና መሥሪያ ቤት ደጋግመው የሚመላለሱትም እነዚሁ ሽማግሌዎች ናቸው። መኪና መግዛት ይሻላል የሚለውም መልስ እንዲሁ ከፊሉን ብቻ ያድናል፦ መንጃ ፈቃዱ፣ ኢንሹራንሱ፣ ነዳጁና የመኪና ማቆሚያው ገና በሁለት እግሩ ላልቆመ ቤተሰብ ከባድ ወጪ ነው፤ ቢገዛም የሚነዳው አንድ ሰው ነው፤ እሱ ሥራ ሲውል የቀሩት ተመልሰው ፌርማታ ላይ ናቸው።

የበለጠ ክብደት ያለው ተቃውሞ ስለ ሰንበት የሚነሣው ነው። ከዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ቅዳሜ ምሽት አውቶቡሱም ቀዩ መስመርም ይቆማሉ፤ እሑድ ደግሞ ሙሉ የሥራ ቀን ነው። ቤተ እስራኤል የሚባሉት የኢትዮጵያ አይሁዶች ባገራቸውም ሰንበትን አጥብቀው ሲጠብቁ የኖሩ በመሆናቸው፣ ዕረፍቱ ራሱ ለብዙዎቹ እንግዳ ነገር አይደለም። ሸክሙ የሚወድቀው በዕለቱ መሥራት ግዴታ በሆነባቸው ላይ ነው፤ የቤይሊንሰን ወይም የሽናይደር የሕፃናት ሆስፒታል ነርስና ጽዳት ሠራተኛ በሽተኛ ሰንበት ብሎ አይጠብቃቸውም። ቴል አቪቭና አንዳንድ ጎረቤቶቿ ከኅዳር 2019 ጀምሮ በየራሳቸው ወጪ የሰንበት አውቶቡስ ማሰማራታቸው ችግሩ እውነተኛ ለመሆኑ ምስክር ነው። ለእነዚህ ሰዎች መቀያየር መፍትሔ አይሆንም፤ የሥራ ፈረቃቸውን ሲዋዋሉ የመጓጓዣውን ጉዳይ አብረው ማንሣት አለባቸው። ሌላው ተቃውሞ የመዘግየት ነው፦ አውቶቡስ ሲዘገይ መቀየሪያው ያመልጣል፤ የሾፌር እጥረት ደግሞ አገሪቱን ሁሉ ያስቸገረ ነው። ይህም ልክ ነው፤ ሆኖም ሁለት ዓይነት መቀየሪያዎችን አንድ አድርጎ የማየት ስሕተት አለበት። ዳር ሰፈር ላይ ወርዶ ሌላ የዳር መስመር መጠበቅ አደገኛ ነው። ጃቦቲንስኪ ላይ መቀየር ግን ባቡሩም ብዙ አውቶቡሶችም የሚያልፉበት ስለሆነ አንዱ ቢቀር ሌላው ይተካል። ስለዚህ ምክሩ ይጠበባል እንጂ አይፈርስም፦ መቀየር ካለብህ ዋናው መንገድ ላይ ቀይር፤ ሌሊት ሲሆን ደግሞ የመጨረሻውን መስመር አስቀድመህ እወቅ።

የቀረው የቋንቋው ጉዳይ የተሳፋሪው ብቻ አይደለም። የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ሆስፒታሎችና ኩፓት ሆሊሞች ታካሚውን በሚገባው ቋንቋ የሚያስተናግዱበትን መንገድ እንዲያዘጋጁ አዟል። የመመሪያው መነሻ ሐሳብ ግልጽ ነው፦ ሰው ያልገባውን ሕክምና አገኘ ማለት አይቻልም። ያው ታካሚ ሆስፒታሉ ደጃፍ እስኪደርስ ያለው መንገድ ግን ከዚህ ሐሳብ ውጭ ቀርቷል፤ በር ላይ አስተርጓሚ ሊጠብቀው ይችላል፣ ከቤት እስከዚያ በር የሚያደርሰውን ደንብ ግን ያስተረጎመለት የለም። ይህን ለመሙላት አዲስ ሐዲድ አያስፈልግም። ኡልፓኑ ከትምህርቱ ሰዓት ጥቂቱን ወስዶ ክፍሉን በሙሉ ወደ ታሐና መርካዚት ቢያወጣ፣ ካርድ መንካትና መቀየር በተግባር ይማራሉ፤ ማዘጋጃ ቤቱና የመጓጓዣ ድርጅቶቹ የ90 ደቂቃውን ደንብ በአማርኛ በድምፅ ቀድተው በስልክ ቢያሰሙ፣ ማንበብ የማይችለውም ይሰማዋል። መንግሥት ለመቀያየር የሚያስፈልገውን ገንዘብ በታሪፉ ውስጥ ከፍሎ ጨርሷል፤ ደንቡን ለሚመለከተው ሰው በሚሰማው ቋንቋ መንገር ከዚያ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ አለመደረጉም በአቅም ማነስ ሊመካኝ አይችልም።