ከጃማይካ ፀሐይ ወደ አላስካ በረዶ

የመጀመሪያውን በረዶ ያየበትን ቀን የሚረሳ ሐበሻ የለም። ጃማይካዊው ኒውተን ማርሻል ግን ከበረዶ ጋር የተዋወቀው በመስኮት አይደለም። በውሾች በሚጎተት ጋሪ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ሊያቋርጠው ነው የሄደው።

ጃንሆይ በ1966 ከጎበኟት ጊዜ ወዲህ ጃማይካ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አገር አይደለችም። በዚያች ሞቃት ደሴት የበረዶ ጋሪ ቡድን ተቋቋመ ሲባል ግን ማን ያምናል? ውሾቹ ባለቤት አጥተው ከእንስሳት መጠለያ የመጡ ነበሩ፤ በረዶ ስለሌለም የሚጎትቱት ባለ ጎማ ጋሪ ነበር። ዘፋኙ ጂሚ ባፌት በገንዘብ ደገፋቸው።

ማርሻል ሙያውን ሊማር ወደ ካናዳ ዩኮን ተሻግሮ ሐንስ ጋት ከተባለው ዕውቅ ተወዳዳሪ ዘንድ ገባ። ጀማሪ ሰው ሥራው መንዳት ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ውሾቹን ማገልገል ነው። ጋሪው ልጓም የለውም፤ ነጂው መሪ ውሾቹን የሚያዝዘው በድምፁ ነው፤ «ጂ» ሲል ወደ ቀኝ፣ «ሃው» ሲል ወደ ግራ። አሥራ ስድስት ውሾች ማለት 64 እግር ነው። በረዶው መዳፋቸውን እንዳይቆርጠው ለእያንዳንዱ እግር የጨርቅ ጫማ ይታሰራል። በወፍራም ጓንት ይህን መሥራት ስለሚያስቸግር ነጂው ጣቱን ለብርዱ አሳልፎ ይሰጣል። ብርዱ ደግሞ አንዳንዴ ከዜሮ በታች 40 ይደርሳል፤ እዚያ ላይ ሴልሺየስና ፋራናይት እኩል ናቸው።

ማረፊያ ሲደረስም ዕረፍቱ በቅድሚያ የውሾቹ ነው። ነጂው በረዶ አቅልጦ ውኃ ያሞቃል፣ ጭድ ያነጥፋል፣ መዳፍ ይመረምራል፣ ያበላል። በውድድር ላይ ያለ አንድ ውሻ በቀን 10,000 ካሎሪ ያህል ይፈልጋል! ነጂው ጋደም የሚለው ይህን ሁሉ ጨርሶ ጊዜ ከተረፈው ነው። አገር ቤት ውሻውን ትርፍራፊ አብልቶ ደጅ ለሚያሳድር ሰው ይህ ጉድ ነው።

ማርሻል በ2009 ከዋይትሆርስ እስከ ፌርባንክስ የተካሄደውን የዩኮን ኩዌስት ውድድር 13ኛ ሆኖ ፈጸመ። በ2010 ደግሞ በአላስካው ኢዲታሮድ ተሰለፈ። ለዚህ ያዘጋጀው ከጉሮሮ ካንሰር ተርፎ ሻምፒዮን የሆነው ላንስ ማኪ ነበር። መምህሩ ዘጠኝ ቀን ሳይሞላው ኖም ከተማ ገብቶ ለአራተኛ ተከታታይ ጊዜ አሸነፈ። ተማሪው በአሥራ ሦስተኛው ቀን 47ኛ ሆኖ ደረሰ፤ ኢዲታሮድን የጨረሰ የመጀመሪያው ጃማይካዊም ሆነ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ መንገዱ በረዶ አንሶት ድንጋዩና ጉቶው አግጥጦ ነበር። ስኮት ጃንሰን የተባለው የአንኮሬጅ ተወዳዳሪ ከጋሪው ጋር ተጋጭቶ ራሱን ስቶ ቆየ። ነቅቶ ጉዞውን ቢቀጥልም፣ ያመለጠ ውሻውን ሲያሳድድ በረዶ ላይ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። መራመድ አቅቶት በዚያ ብርድ ተጋድሞ ሳለ ከኋላው የውሾች ድምፅ ሰማ። የመጣው ማርሻል ነበር። ጋሪውን አቆመና ወደ ወደቀው ሰው ሄደ።