ሰቀቀን በመንቀጥቀጥ ይራገፋል?

ኤረር በር የጥንቷ ሐረር ምሥራቃዊ መውጫ ነው። ሲመሽ በዚያ አካባቢ ጅቦች ብቅ ይላሉ፤ ሰዎችም ሥጋ ያጎርሷቸዋል። ከበሩ ወዲያ ያለው የኤረር ሸለቆ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 (የሚከተሉት ዓመታትም እንዲሁ) የተቋቋመው የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ አካል ነው። በየስልኩ የሚዘዋወረው «ተንቀጥቀጡ፣ ሰቀቀናችሁ ይውጣ» የሚለው ምክርም ማስረጃውን የሚጠራው ከአራዊት ነው።

ምክሩ እንዲህ ይላል፤ ሚዳቋ ከአሳዳጇ ካመለጠች በኋላ ተንቀጥቅጣ ድንጋጤዋን ታራግፋለች፤ ሰው ግን መንቀጥቀጡን ስለሚያፍን ድንጋጤው ጡንቻው ውስጥ ይቀበራል። ይህን ሐሳብ በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ፒተር ሌቪን ሲሆን መጽሐፉ የወጣው በ1997 ነው። ዴቪድ በርሴሊ የተባለው ሌላ አሜሪካዊ ደግሞ በመካከለኛው ምሥራቅና በአፍሪካ ሲሠራ ያስተዋለውን ይዞ አንድ ስልት አዘጋጀ፤ የእግር ጡንቻን አድክሞ፣ በጀርባ ተኝቶ፣ ሰውነት ራሱ እንዲንቀጠቀጥ መተው።

ተረት፦ አራዊት ስለሚንቀጠቀጡ ሰቀቀን አይይዛቸውም።

ዝሆኖች ይህን ያፈርሱታል። በደቡብ አፍሪካ የክሩገር ፓርክ ዝሆኖች ቁጥራቸው እንዲቀንስ ሲገደሉ የተረፉ ግልገሎች ወደ ፒላንስበርግ ተወሰዱ። ያለ ወላጅ ያደጉት ወጣት ወንዶች ከ1992 እስከ 1997 ከ40 በላይ ነጭ አውራሪሶችን ገደሉ። በ1998 ስድስት ትልልቅ ወንድ ዝሆኖች ከክሩገር ሲመጡላቸው ያለ ጊዜው የተነሣባቸው የኮርማነት ግለት በረደ፤ ግድያውም ቆመ። ያረጋጋቸው ታላላቆቻቸውን ማግኘታቸው ነበር።

ተረት፦ ድንጋጤ ጡንቻ ውስጥ እንደ መርዝ ይጠራቀማል፤ መንቀጥቀጥ ያወጣዋል።

ሰው ሲደነግጥ አድሬናሊን ወደ ደሙ ይለቀቃል፤ ጡንቻው ይርበደበዳል፤ ልቡ ይመታል። አድሬናሊኑ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይፈራርሳል እንጂ ለዓመታት አይቀመጥም። የበርሴሊ ስልት የሚያስነሣው የጭን መርበድበድም አስማት የለበትም፤ ሸክም ተሸክሞ የጥንቷን ሐረር፣ የጁገልን፣ ዳገት የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የደከመ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል። ሐረር ላይ ደግሞ ጫት አለ። ቅሞ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሰቀቀኑ እየወጣለት አይደለም፤ እንቅልፉን እያጣ ነው፤ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ለተጎዳ አእምሮ ክፉ ጠላት ነው።

ሰቀቀን ሥር የሚሰድደው በትዝታና በፍርሃት ነው፤ ቅዠት፣ በትንሽ ድምፅ መበርገግ፣ ከቦታና ከሰው መሸሽ። ሰውነት ግን ከዚህ ውጭ ነው ማለት አይደለም፤ አንገት ይገተራል፣ ሆድ ይጨነቃል። ስለዚህ አንድ ሰው ተንቀጥቅጦ ሲያበቃ ቀለለኝ ቢል ውሸት አይደለም። ውሸቱ፣ መቅለሉን መዳን ብሎ መሸጥ ነው።

ተረት፦ አባቶቻችን ይህንኑ ሕክምና በዚክሪና በዛር ያውቁት ነበር።

ይህ አባባል ለሁለቱም ክብር አይሰጥም። ሐሙስ ማታ በሐረር በአው አባድር መካነ መቃብር የሚደረገው ዚክሪ በከበሮና በእንጨት ማጨብጨቢያ የታጀበ ምስጋና ነው፤ የሚመጣውም ሰው ፈጣሪውን ሊያወድስ እንጂ ጡንቻውን ሊያፍታታ አይደለም። የዛር ነገር ይበልጥ ያስገርማል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ውስጥ የታወቁ ባለዛር በነበሩት በመልካም አያሁ ቤት እየተመላለሰ ጉሪ የሚባለውን መንቀጥቀጥ መዝግቧል። እዚያ መንቀጥቀጡ ዛሩ መምጣቱን ያሳውቃል፤ ዛሩ አይወጣም፣ ይታረቃል፣ ይለመናል፣ ሰውየውም ዕድሜ ልኩን የማኅበሩ አባል ሆኖ ይኖራል። ሲሞን መሲንግ በ1958 ባሳተመው ጥናት ይህን የቡድን ሕክምና ብሎታል። ትልቁን ቦታ የያዘው ቡናው፣ መሰባሰቡና ለብቻ አለመተው ነው። ይህ ከአራግፎ መሄድ በጣም የራቀ ነው።

ተረት፦ ስልቱ በሳይንስ ተረጋግጧል።

በበርሴሊ ስልት ላይ የተሠሩት ጥናቶች ጥቂትና ትንንሽ ናቸው። ሌቪን በሐሳቡ ላይ የመሠረተው ዘዴ በእስራኤል በ63 ሰዎች ላይ ተፈትኖ በ2017 በታተመው ጥናት መሻሻል ታይቷል፤ ንጽጽሩ ግን ተራ ከሚጠብቁ ሰዎች ጋር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 መመሪያው የመከረው፣ በሠለጠነ ሰው እገዛ ክፉውን ትዝታ ፊት ለፊት የሚያነሡ ሕክምናዎችን ነው።

ይህ ለሀብታም አገር ብቻ ነው የሚል ካለ ኡጋንዳ ናኪቫሌ መጠለያን ይመልከት። በ2008 በታተመ ጥናት 277 የሩዋንዳና የሶማሊያ ስደተኞች ተሳትፈዋል። አማካሪዎቹ ሐኪሞች አልነበሩም፤ ከዚያው መጠለያ ተመርጠው የሠለጠኑ ስደተኞች ነበሩ። የሕይወት ታሪካቸውን ከመነሻው ጀምረው፣ አሰቃቂውንም ሳይዘሉ በቅደም ተከተል የተረኩት አብዛኞቹ ተሻላቸው።

ክፉ ያየ ሁሉ ታማሚ ነው የሚለውም ስሕተት ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት 70 ከመቶ የሚሆነው የዓለም ሕዝብ በሕይወቱ ከባድ አደጋ ያጋጥመዋል፤ ድኅረ-ሰቀቀን ሕመም የሚይዘው ግን ካጋጠማቸው 5.6 ከመቶውን ነው።

መንቀጥቀጡ የሚያዝናናው ሰው ይንቀጥቀጥ፤ ነፍሰ ጡር፣ የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። መንቀጥቀጡ ትዝታውን ቀስቅሶ የት እንዳለ የሚያስረሳው ከሆነ እዚያው ያቁም። ቅዠቱና መበርገጉ ከአንድ ወር አልፎ ሥራና ቤት የሚያስፈታ ከሆነ የሐረር ነዋሪ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ቤተሰብም «እርሳው» ማለቱን ትቶ፣ ለመጀመሪያው ቀጠሮ አብሮ ቢሄድ ይበጃል።