ናውሩ፤ የሕዝቧ ቍጥር ሲሞላ በዓል ያደረገች ደሴት

የሕዝብ ቈጠራ ውጤት ወደ መዝገብ ቤት ሲገባ ብዙ ጊዜ አይታችኋል። አንድ አኃዝ ሞላ ተብሎ አገር በሙሉ በዓል ሲያደርግ ግን የሰማችሁ አይመስለንም። ይህ የሆነው በናውሩ ነው።

ናውሩ በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ፥ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ጥቂት ወረድ ብላ የምትገኝ ደሴት ናት። ስፋቷ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ዳርቻዋን የሚዞረው መንገድ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፥ ማልዶ የወጣ እግረኛ ዙሮ ምሳውን ከቤቱ ሊበላ ይችላል። ይፋ የሆነ ዋና ከተማ የላትም፤ የመንግሥቱ መሥሪያ ቤቶች የሚገኙት ያሬን በሚባለው ወረዳ ነው።

ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በ12 ነገድ የተከፈለ ሲሆን፥ ልጅ የሚቈጠረው በእናቱ ነገድ ነው። በሰንደቅ ዓላማው ላይ ያለው ነጭ ኮከብም 12 ጫፍ ያለው ስለዚህ ነው። ከጥንት ሥራቸው የዓሣ እርባታቸው ያስደንቃል፤ ጥቃቅኑን ዓሣ ከባሕር ዳር ይዘው፥ ጨው የሌለበትን ውሃ ቀስ በቀስ አስለምደው፥ በቡዋዳ ኩሬ ያሳድጉት ነበር። ፍሪጌት የሚባለውንም የባሕር ወፍ አላምደው፥ በእርሱ አባባይነት ሌላውን ያጠምዱ ነበር።

ከ1907 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ለማዳበሪያ የሚሆነው ፎስፌት ከደሴቲቱ በመርከብ ይጫን ጀመር። በ1920 የገባው የኢንፍሉዌንዛ በሽታ ከመቶው ተወላጅ 18 ያህሉን ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት የአውስትራሊያ አስተዳዳሪ፥ ተወላጆቹ 1500 ካልሞሉ ዘራቸው ሊጠፋ እንደሚችል አስታወቀ። ባዕድ ሹም የተናገረውን ቍጥር ሕዝቡ የራሱ ተስፋ አደረገው። ኦክቶበር 26 ቀን 1932፥ በእኛ ጥቅምት 16 ቀን 1925 ዓ.ም.፥ አንዲት ሕፃን ተወልዳ 1500 ሞላ። ቀኑም አንጋም ተባለ፤ ትርጓሜው ከቤት መድረስ እንደ ማለት ነው።

ደስታው አልሰነበተም። ጃፓኖች በ1942 ደሴቲቱን ያዙ፤ በ1943ም 1200 ያህል ተወላጆችን ወደ ትሩክ ደሴቶች አጋዙ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1946 በሕይወት የተመለሱት 737 ብቻ ነበሩ። 1500 እንደገና የሞላው በ1949 ነው። ናውሩ በ1968 ነጻነቷን ስታውጅ ቀኑን ጃንዋሪ 31 ያደረገችው ያንን መመለስ በማሰብ ነበር፤ የመጀመሪያውም ፕሬዚዳንት ሐመር ዴሮበርት ሆኑ።

ከዚያ በኋላ የፎስፌቱ ገንዘብ ተትረፈረፈ። በሜልቦርን ከተማ 52 ፎቅ ያለው የናውሩ ሕንጻ እስከ መሠራት ደረሰ። ማዕድኑ እየተሟጠጠ ገንዘቡም በከንቱ እየባከነ ሲሄድ ግን ሕንጻው በ2004 ተሸጠ። መሬቱ ስለ መጐዳቱ ናውሩ በ1989 አውስትራሊያን በዓለም አቀፉ የፍርድ ቤት ከሰሰች፤ በ1993ም 107 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሊከፈላት በስምምነት ተጨረሰ።

ዛሬ ከ10 ሺሕ የሚበልጠው ሕዝብ የሚኖረው በአመዛኙ በባሕሩ ዳር ባለው ጠባብ መሬት ላይ ነው። አፈሩ የተወሰደበት የመካከሉ ምድር እርሻም መንደርም የማይሆን የሾጠጠ የድንጋይ ምሰሶ ሆኖ ቀርቷል። አንጋም ግን በየዓመቱ ኦክቶበር 26 ቀን ይከበራል።