አርባ አራቱ የማክዳ ሥዕሎች

በፒያሳና በቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ ሱቆች ለረጅም ዘመን ሲሸጥ የኖረ ሥዕል አለ። አቡጀዲ ላይ፣ ብዙ ጊዜ 44 ቦታ ተከፍሎ፣ የንግሥተ ሳባን፣ የማክዳን፣ ታሪክ ይተርካል። ገዢው በአብዛኛው ፈረንጅ ስለሆነ እኛ «የቱሪስት ሥዕል» ብለን ናቅነው። ፍርደ ገምድል ነበርን።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተጠናቀረው ክብረ ነገሥት የሚያተኩረው በማክዳ ጉዞና በታቦተ ጽዮን መምጣት ላይ ነው። ሠዓሊዎቹ ግን ከሽማግሌ አፍ የሰሙትን ያስቀድማሉ፦ ሕዝቡ የሚገብርለትን ዘንዶ፣ አንጋቦ የተባለ ሰው መርዝ አብልቶ የሚያቀርብለትን ፍየል፣ የዘንዶውን ሞት፣ የገዳዩን መንገሥ። ማክዳ የምትወለደው ከዚያ በኋላ ነው። ቅመም የበዛበት የሰሎሞን ግብር ይከተላል፤ ሌሊት ውኃ ይጠማታል፤ ከቤቱ ምንም ላትወስድ የገባችው መሐላ ይፈርሳል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ከላይ ከግራ ጀምሮ ይከታተለዋል። (ለልጆቻችን የሥዕል ተረት ከውጭ እናስመጣለን!) ደጉ ሰው በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፤ ክፉው በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል።

በስም ከሚታወቁት ቀደምት ሠዓሊዎች አንዱ በላቸው ይመር ናቸው። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ከመክፈታቸው በፊትም ሆነ በኋላ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ዲፕሎማ ሳይኖራቸው በብሩሻቸው አድረዋል። የቢቸናው ቄስ አዳሙ ተስፋውም መሠረታቸው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው፤ አዲስ አበባ ገብተው ግን ዓድዋንም፣ ማክዳንም፣ የጎረቤቱን ኑሮም ሣሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የሎስ አንጀለሱ ፋውለር ሙዚየም ለእሳቸው ብቻ ዐውደ ርዕይ አዘጋጀ። አገራቸው ውስጥ ስንቱ ያውቃቸዋል?

ሕንዶች እንዲህ ያለውን ሠዓሊ በስሙ በማወቅ ቀድመውናል። የጎንድ ሕዝብ ተወላጁን ጃንጋር ሲንግ ሺያምን፣ የሥዕል ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠውን ወጣት፣ ሠዓሊው ስዋሚናታን ከመንደሩ አምጥቶ በቦፓሉ የጥበብ ማዕከል በባራት ባቫን አሠራው። ጃንጋር የሕዝቡን አማልክትና አራዊት በራሱ መንገድ ሣለ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1989 ፓሪስ ደረሰ። ልዩነቱ የችሎታ አይመስለኝም፤ እዚያ የተረት ሠዓሊው ሥራ ከተማረው ሠዓሊ ሥራ ጎን፣ በስሙ ተሰቀለ።

እዚህ ከሙዚየም አስተዳዳሪ የሚጠበቀው አንድ ቋሚ ግድግዳና የሠዓሊዎቹ ስም ዝርዝር ነው። ከእናንተ የሚጠበቀው ደግሞ ቀላል ነው፦ ቤታችሁ እንዲህ ያለ አቡጀዲ ካለ ጥጉን ፈትሹ፤ የሠዓሊውን ስም ካገኛችሁ፣ ወይም ከሻጩ ከሰማችሁ፣ ጀርባው ላይ ጻፉት።