ወደ ኋላ ሲሏት ወደ ግራ

የሸራ ጀልባ በነፋስ ትሂድ እንጂ ከወደብ የምትወጣውም የምትገባውም በአብዛኛው በሞተር ነው። ክፍት ባሕር ላይ ትንሽ ብትስት ቦታው ሰፊ ነው። ማሪና ውስጥ ግን ግራና ቀኙን የሌላ ሰው ጀልባ ቆሟል፣ ነፋሱ ከጎን ይገፋል፣ ፍሬን የሚባል ነገር የለም። እዚያ ጀልባዋን ታዛዥ ወይም እምቢተኛ የሚያደርጋት የሞተሩ የፈረስ ጉልበት ብቻ አይደለም። ከዘንጉ ጫፍ ላይ የተገጠመው፣ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ማንም የማያየው ፕሮፔለር ትልቁን ድርሻ ይይዛል።

ፕሮፔለር ሞተር ሲነሳ ሁሉ ነገር ነው፤ ሸራ ሲወጠር ደግሞ የሚጎተት ሸክም ይሆናል። ይህ ጣጣ አዲስ አይደለም። በ1860 እ.ኤ.አ. ውሃ ላይ የወረደችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ዋሪየር የእንፋሎት ሞተርም ሸራም ነበራት። በሸራ ልትሄድ ስትል በመቶዎች የሚቆጠሩ መርከበኞች ገመድ ይዘው ግዙፉን ፕሮፔለር ከውሃ ውስጥ ስበው ያወጡት ነበር፤ ጭስ ማውጫዎቿም ወደ ታች ይሰበሰቡ ነበር። መርከቧ ዛሬ ፖርትስማውዝ ወደብ ላይ ትጎበኛለች። የ10 ሜትር ጀልባ ያለው ቤተሰብ ግን ያን ያህል መርከበኛ ከየት ያመጣል? ስለዚህ መሐንዲሶች ፕሮፔለሩ ራሱ የሚታጠፍበትን መላ ፈጠሩ። መላው ግን በነፃ አልተገኘም፤ ዋጋው የሚከፈለው ወደ ኋላ ሲኬድ ነው።

አብዛኛው ፕሮፔለር ጀልባዋ ወደ ፊት ስትሄድ፣ ከኋላ ሆኖ ለሚያይ ሰው፣ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ይዞራል። የኋላ ማርሽ ሲገባ አዟዟሩ ይገለበጣል። በዚህ ጊዜ የሚወረወረው ውሃ ወደ ፊት ሄዶ የጀልባዋን ሆድ በአንድ ጎን ይመታል፤ ዘንጉ ወደ ታች አዘንብሎ የተገጠመ መሆኑም ይህንኑ ያባብሰዋል። ውጤቱ የጀልባዋ ኋላ ወደ ግራ መሸሹ ነው። ጀማሪ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ወደ ኋላ ሲል ጀልባዋ ወደ ጎን ትንሸራተትበታለች፤ መሪውን ቢያዞርም ወዲያው አትሰማውም። መሪ የሚሠራው ውሃ ሲፈስበት ነው፤ ጀልባዋ ገና አልተንቀሳቀሰችም።

ወደ ፊት ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ፕሮፔለሩ የሚወረውረው ውሃ በቀጥታ መሪው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ጀልባዋ ቆማ እንኳ መሪውን ወደ ቀኝ ጥግ አዙሮ ለአጭር ጊዜ ጋዝ መስጠት ኋላዋን ወደ ግራ ይገፋዋል። ልምድ ያለው ሰው ሁለቱን አዋህዶ ይጠቀማል። ጠባብ ቦታ ላይ መሪውን ወደ ቀኝ ቆልፎ አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ እያለ ጀልባዋን ከርዝመቷ ብዙም ባልበለጠ ስፋት ላይ ያዞራታል። ወደ ግራ እንዲያዞራት ቢጠይቁት ግን ቅር ይለዋል፤ ፕሮፔለሩ አያግዘውማ።

እንግዲህ የፕሮፔለሩ ዓይነት እዚህ ላይ ይገባል። ቋሚው ባለ 3 ክንፍ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ወደ ፊት በደንብ ይገፋል፣ ማዕበል ፊት ለፊት ሲመጣም ጀልባዋን ያስኬዳታል። ሸራ ላይ ግን መካከለኛ ጀልባን ከግማሽ እስከ አንድ ኖት (የባሕር ላይ ፍጥነት መለኪያ) ድረስ ሊያስከፍላት ይችላል፤ 5 ወይም 6 ኖት ለምትሄድ ጀልባ ይህ ብዙ ነው። ባለ 2 ክንፉ መጎተቱ ያነሰ ነው። አንዳንድ የድሮ ጀልባ ባለቤቶች ዘንጉ ላይ ቀለም ይቀቡና ምልክቱ ወደ ላይ ሲመጣ ማርሽ አስገብተው ይቆልፉታል፤ ሁለቱ ክንፎች ያን ጊዜ ቀጥ ብለው ከጀልባዋ ሆድ ሥር ካለው ወፍራም ኪል ጀርባ ይደበቃሉ። መደበቂያ ከሌለ መቆለፉ አይጠቅምም። በ2008 እ.ኤ.አ. የስኮትላንዱ የስትራዝክላይድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የተቆለፈ ቋሚ ፕሮፔለር በነፃ ከሚሽከረከረው የበለጠ እንደሚጎትት አሳይተዋል። ያም ሆኖ ሁሉም ጊርቦክስ ፎሌ ላይ ሆኖ ለሰዓታት መሽከርከርን አይወድምና የአምራቹን መመሪያ ማንበብ ይቀድማል።

ተጣጣፊው ፕሮፔለር በሸራ ጊዜ ክንፎቹን እንደ ጃንጥላ ወደ ኋላ ይሰበስባል። በእሽቅድምድም ጀልባ ላይ የሚወደደውም ለዚህ ነው፤ ዴንማርክ ውስጥ የሚሠሩት ጎሪና ፍሌክሶፎልድ በዚህ ይታወቃሉ። ወደ ፊት ሲዞር ግፊቱ ራሱ ክንፎቹን ይከፍታቸዋል። ወደ ኋላ ሲዞር ግን ግፊቱ ሊያጥፋቸው ይታገላል፤ ከፍተው የሚይዛቸው የመሽከርከሩ ኃይልና የክንፎቹ ክብደት ብቻ ነው። ስለዚህ ጋዝ በጥቂቱ ሲሰጡት አይነክስም፣ በርከት ሲያደርጉለት ደግሞ በድንገት ይነክሳል። ከወደቡ ግድግዳ ለመድረስ ሁለት ሜትር ሲቀር ያቺ መዘግየት ረጅም ናት። የድሮዎቹ አንዱ ክንፍ ተከፍቶ ሌላው እየዘገየ ጀልባዋን ያንቀጠቅጧት ነበር፤ አሁን ክንፎቹ ሥር ላይ በጥርስ ስለሚያያዙ እኩል ይከፈታሉ። የዛሬ ባለ 3 ክንፍ ተጣጣፊ ድሮ የወጣለትን መጥፎ ስም ሁሉ አይገባውም።

ሌላው ዓይነት አይታጠፍም፤ እያንዳንዱ ክንፍ በራሱ ሥር ላይ ዞሮ ስለቱን ለውሃው ይሰጣል። የጣሊያኑ ማክስፕሮፕ የዚህ ወገን ነው። የኋላ ማርሽ ሲገባ ክንፎቹ ይገለበጡና ፊት ለፊት ውሃ የሚቆርጠው ያው ጠርዝ ይሆናል። በዚህም የተነሳ ወደ ኋላ የሚሰጠው ጉልበት ወደ ፊት ከሚሰጠው ብዙም አይተናነስም፤ ማቆም ሲፈለግ ጀልባዋ ትቆማለች። ሆኖም ጉልበቱ ሲበረታ ወደ ግራ መሸሹም ይበረታል። ከዚህም ሌላ ክንፎቹ ጠፍጣፋ ስለሆኑ ወደ ፊት ትንሽ ጉልበት ይባክናል፣ በየጊዜው ግራሶ ይፈልጋል፣ ዋጋውም የቋሚውን ብዙ እጥፍ ነው።

የሞተሩ አገጣጠም ደግሞ ስሌቱን ይለውጠዋል። ዘንጉ በሆዷ ተንጋዶ በመውጣት ፋንታ ሞተሩ ሥር ባለ እግር በኩል ቀጥ ብሎ የሚወርደው ሴይልድራይቭ ፕሮፔለሩን አግድም ስለሚይዘው የጎን መሸሹ በጣም ይቀንሳል። ነገር ግን ፕሮፔለሩ ከመሪው ይርቃል። በዘመናዊዎቹ ባለ ሁለት መሪ ሰፋፊ ጀልባዎች ላይማ የሚወረወረው ውሃ በሁለቱ መሪዎች መካከል ያልፋል፤ ቆሞ ጋዝ ሰጥቶ ማዞር የሚለው ዘዴ አይሠራም። ብዙዎቹ አፍንጫቸው ላይ ተጨማሪ የጎን መግፊያ ሞተር መግጠማቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

የፕሮፔለሩ ልክም ይታይ። ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶት በደቂቃ 3,600 ዙር መድረስ ያለበት ሞተር 2,900 ላይ ከቆመና ጥቁር ጭስ ከተፋ፣ ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ፣ ፕሮፔለሩ ከዓቅሙ በላይ ነው።

በእኔ ግምት ከቤተሰቡ ጋር በየወደቡ ለሚገባና ለሚወጣ ሰው ገንዘቡን ወደ ኋላ በደንብ የሚይዝ ፕሮፔለር ላይ ማዋል ይሻለዋል፤ በሸራ የሚገኘው ተጨማሪ ፍጥነት ሁለተኛ ነው። ቋሚው ባለ 3 ክንፍም አያሳፍርም። ያገለገለች ጀልባ ልትገዙ ከሆነ ግን ወረቀቱን ከመፈረማችሁ በፊት በገመድ እንደታሰረች የኋላ ማርሽ አስገቡና ውሃው በየትኛው ጎን እየፈላ እንደሚወጣ ተመልከቱ። ኋላዋ ከዚያ ጎን ትሸሻለች። ሻጩ ይህን ለመሞከር ካልፈቀደ ሌላ ጀልባ ፈልጉ።