ቡና የማይጎዳው ጥንዚዛ

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ቀጠሮ የሚጠብቅ ባለጉዳይ ጀበና ቡና ሳይጠጣ አይውልም። አፍይዋ ጥሬውን በሰፌድ ስትለቅም ልብ ብሎ ላያት፣ በመርፌ የተወጋ የሚመስለውን ፍሬ እየለየች ትጥላለች። «ነቀዝ የበላው ነው» ይባላል። ነቀዝ ግን የጎተራና የመጋዘን ተባይ ነው። ቡናን ገና ዛፉ ላይ ሳለ የሚበሳው ሌላ ነው፤ ሁለት ሚሊ ሜትር የማይሞላ ጥቁር ጥንዚዛ። ሴቷ ፍሬውን ሰርስራ ትገባና እንቁላሏን እዚያው ትጥላለች። ወንዱ መብረር ስለማይችል ከተፈለፈለበት ፍሬ አይወጣም።

ካፌይንን ተክሉ እኛን ለማንቃት አላዘጋጀውም፤ ተባይ መመከቻው ነው። ታዲያ ይህች ጥንዚዛ ዕድሜዋን ሙሉ መርዝ ውስጥ እየኖረች እንዴት አትሞትም? መልሱ የተገኘው ከአንጀቷ ነው። በአሜሪካ የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳዩት፣ ሱዶሞናስ ፉልቫ የተባለ ባክቴሪያን ጨምሮ በሆዷ የሚኖሩ ተህዋስያን ካፌይኑን ይሰባብሩላታል። ጥንዚዛዎቹ አንቲባዮቲክ ሲሰጣቸው ካፌይኑ ሳይፈጭ በዓይነ ምድር ወጣ፤ ባክቴሪያው ሲመለስላቸው እንደገና ጠፋ። ተክሉ የሚዋጋው ከጥንዚዛዋ ጋር ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ግኝቱ ሲሰማ ባክቴሪያውን በመምታት ተባዩን የማዳከም ሐሳብ መነሳቱ አልቀረም። እኔ ግን የከፋን ወይም የጅማን ጫካ አንቲባዮቲክ መርጨት ከበሽታው የከፋ መድኃኒት ይመስለኛል።

ለእኛ ይበልጥ የሚያሳስበው ሙቀቱ ነው። ጥንዚዛው በኢትዮጵያ መኖሩ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ቢሆንም፣ የከፍታው ቅዝቃዜ ለረጅም ጊዜ አላራባውም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት የጅማን የሙቀት መዝገብ አገላብጦ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1984 ድረስ ተባዩ በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ ማድረስ የማይችልበት ብርድ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ሁለትም ትውልድ የሚያደርስ ሙቀት መኖሩን ገምቷል። ካፌይኑ በባክቴሪያ ተፈታ፤ ብርዱም እየላላ ነው። የዋርካና የዋንዛ ጥላ ያለው ቡና ከፀሐይ ከተጋለጠው ቀዝቀዝ ስለሚል፣ ጥላውን የሚመነጥር ሰው ሳያውቀው ለጥንዚዛው ያግዛል።

ከለቀማ በኋላ ዛፉ ላይ የደረቀውና መሬት የወደቀው ፍሬ ደግሞ እስከሚቀጥለው ምርት የጥንዚዛዋ ማደሪያ ነው። ቃርሚያውን ጥርግ አድርጎ መልቀም ምንም ላቦራቶሪ አይፈልግም፤ ጉልበት ግን ይጠይቃል። የተበሳ ፍሬ ደግሞ ያን ያህል ዋጋ አያወጣም፤ ስለዚህ የቃርሚያ ቀን ሁልጊዜ ወደ ነገ ይተላለፋል።