የቲቤት ሰዎችና ፊደላቸው

በእስያ፥ ከሕንድ አገር በስተሰሜን፥ ቲቤት የሚባል እጅግ ከፍ ያለ አገር አለ። የምድሩ ከፍታ በአብዛኛው ከባሕር በላይ ከ4000 ሜትር ይበልጣል። የራስ ደጀን ራስ 4550 ሜትር ያህል ነው፤ በቲቤትም በዚህ ከፍታ ላይ ሰዎች መንደር ሠርተው ይኖራሉ። የሕዝቡም ቍጥር ከ6 ሚሊዮን ይበልጣል።

ብርዱ ጽኑ ስለ ሆነ፥ ያክ የሚባለውን ጠጕሩ የረዘመ የቀንድ ከብት ያረባሉ። ጭነት ያሸክሙታል፤ ከጠጕሩም ድንኳን ይሠራሉ። ገብስን ቆልተው ይፈጩና ዱቄቱን በቅቤና በሻይ ለውሰው ይበላሉ። ስሙን ጻምፓ ይሉታል፤ በሶ የበላ ልጅ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል።

ቋንቋቸው ሰውን የሚያከብር ቋንቋ ነው። የላሳ ከተማ ሰው የራሱን ራስ «ጎ» ይለዋል፤ የከበረውን ሰው ራስ ግን «ኡ» ይለዋል። እኛም ስለ ታናሽ «በላ»፥ ስለ ታላቅ «ተመገቡ» እንደምንለው ነው።

ጥንት ይህ ቋንቋ ፊደል አልነበረውም። በ7ኛው መቶ ዓመት ንጉሣቸው ሶንግትሰን ጋምፖ፥ ቶንሚ ሳምቦታ የሚባለውን ሹም ጽሕፈት እንዲማር ወደ ሕንድ እንደ ላከው አባቶቻቸው ይተርካሉ። እርሱም ተምሮ ተመልሶ 30 ፊደላትና 4 የድምፅ ምልክቶች አዘጋጀላቸው ይላሉ። ፊደሉ ያለ ምልክት ሲጻፍ «ካ» ቢባል፥ ምልክት ከላይ ሲደረግበት «ኪ»፥ ከታች ሲደረግበት «ኩ» ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ሊቃውንቶቻቸው ብዙ መቶ ዓመት ደክመው የሕንድን መጻሕፍት ወደ ቋንቋቸው መለሱ። ካንግዩር የተባለው የሃይማኖታቸው መጽሐፍ ብቻ 100 ያህል ጥራዝ ይሆናል። በኋላም በሕንድ ብዙዎቹ መጻሕፍት ጠፉ፤ ትርጕማቸው ግን በቲቤት ተገኘ። መጽሐፈ ሄኖክም እንዲሁ ሙሉው የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው።

በ1951 ዓ.ም. በላሳ በቻይና መንግሥት ላይ ዐመፅ በተነሣ ጊዜ፥ መሪያቸው ዳላይ ላማ ወደ ሕንድ ተሰደዱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ተከተሏቸው። በተራራው መንገድ ብዙ ዕቃ መሸከም አልቻሉም። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. ለስደተኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ልጆቹም በሰው አገር ተቀምጠው የአባቶቻቸውን ፊደል ቈጠሩ።

ልጆች ሆይ፥ መጽሐፍ በሣጥን ቢጠበቅ፥ የሚያነበው ልጅ ከሌለ እንደ ጠፋ ይቈጠራል። እናንተም ዛሬ ፊደል ስትቈጥሩ፥ ከእናንተ በፊት የደከሙትን ሰዎች ሀብት እንደምትጠብቁ ዕወቁ።